የመክፈቻው ዕለት ሞልቶ በማግስቱ ባዶ የሚሆነው የሥዕል ዐውደ ርእያችን

የማዕከሉ በጎ ፈቃደኛ (የካ አባዶ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለች አንዲት አነስተኛ የኪነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ በበጎ ፈቃድ ሳገለግል ሁለት ዓመት አልፎኛል። ማዕከሏ አንድ አዳራሽና ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥዕል የሚማሩበት ሰፊ በረንዳ አላት። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ አራት የሥዕል ዐውደ ርእዮችን አዘጋጅተናል፤ በአራቱም የገጠመን ችግር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ በሙያው ያላችሁም ሆነ በየሰፈራችሁ ተመሳሳይ ሥራ የሞከራችሁ ሰዎች ምክራችሁን እንድትለግሱኝ እጠይቃለሁ።

የመክፈቻው ዕለት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። ሠዓሊዎቹ ከወዳጆቻቸውና ከዘመዶቻቸው ጋር ከመሀል ከተማ ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግስቱ ግን በግቢው ውስጥ የምንቀረው ጥበቃውና እኔ ነን። ባለፈው ኅዳር ባዘጋጀነው ዐውደ ርእይ በመክፈቻው ዕለት መዝገባችን ላይ 94 ሰዎች ስማቸውን አስፍረዋል፤ በተከታዮቹ 13 ቀናት የፈረሙት ግን 21 ብቻ ናቸው። ከአጥራችን ማዶ ባሉት ሕንጻዎች ስንትና ስንት ቤተሰብ ይኖራል፤ ከእነርሱ መካከል ወደ ውስጥ የገባው በጣት የሚቆጠር ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ሰፈሩ ሥዕል የማየት ልማድ እንደሌለው ይናገራሉ። እኔ ይህን መቀበል ያቃተኝ በአንዲት እናት ምክንያት ነው። ዐውደ ርእዩ በተከፈተ በአራተኛው ቀን፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ፍለጋ ገቡ። ልጁን ካገኙ በኋላም አልወጡም፤ ጆንያ የተሸከመ የቀን ሠራተኛ ከጎኑ በሚታይበት ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ምን በድሎ ነው በአንድ ዓይኑ የተሣለው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሠዓሊው ሰውየውን ከጎኑ ስላየው ነው አልኋቸው። እርሳቸው ግን ጥያቄያቸውን እንዳልመለስሁላቸው ገብቷቸው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ይህን ያህል አተኩሮ የሚያይና የሚጠይቅ ሰው ባለበት ሰፈር አዳራሻችን ባዶ የሚውለው ለምንድን ነው?

አንድ ጉዳይ ልጨምር። በሦስተኛው ዐውደ ርእያችን ላይ በመስታወት የተከደነ የውሃ ቀለም ሥዕል ከነምስማሩ ወድቆ፣ የተሰበረው መስታወት ወረቀቱን ቀዶታል። ሠዓሊዋን ይቅርታ ብንጠይቅም ነገሩ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ስለ ሥዕል አሰቃቀል የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የሥዕል መምህር (ኮተቤ)፦

በመጀመሪያ የእኒያን እናት ጥያቄ ልመልስ፤ ካነሧቸው ጉዳዮች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነውና። በቤተ ክርስቲያናችን የቆየ የአሣሣል ሥርዓት ቅዱሳንና ጻድቃን ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ፣ ፊት ለፊት ወይም በመጠኑ ዘወር ብለው ይሣላሉ። ሰይጣን፣ አሳዳጅ ወታደርና ከሓዲ ደግሞ በጎናቸው፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። እኒያ እናት ይህን ከመጽሐፍ አላነበቡትም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሲያዩት ኖረዋል። ስለዚህ ሠዓሊው ድካሙን ሊያሳየን የፈለገው ሠራተኛ ለእርሳቸው በደለኛ ሆኖ ታያቸው። ሠዓሊው በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ከየትኛውም የመክፈቻ ንግግር የበለጠ የሚጠቅመውን ነገር በሰማ ነበር። እርስዎም መልስ ባያገኙላቸው «ለእርስዎስ ምን የበደለ ይመስልዎታል?» ብለው ቢጠይቋቸው በቂ ነበር።

ባልደረቦችዎ ሰፈሩ ሥዕል የማየት ልማድ የለውም ሲሉ ትልቅ ስሕተት ይሠራሉ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ በተደረደሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ 44 በሚሆኑ ትንንሽ ሥዕሎች የሚተርከውን ሸራ በየቤቱና በየሱቁ ያላየ ማን ነው? በአገራችን የረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ፈር ቀዳጅ የሚባለው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እንኳ ያደገው በሐረር፣ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ በነበሩ የቤተ ክህነት ሰው ቤት ነው። ይህን የምለው ዐውደ ርእያችሁ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሞላ ለማለት አይደለም፤ ተመልካቹ ባዶ እጁን እንደማይመጣ እንድታውቁ ነው። በእኔ አስተያየት ሠዓሊው ቢያንስ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ውስጥ መቀመጥ ይገባዋል።

ወደ አሰቃቀሉ ስመጣ፣ የኮንዶሚኒየም አካባቢ ግንባታ በአብዛኛው ብሎኬት ስለሆነ ምስማር ልስኑን እንጂ ግድግዳውን አይዝም። ክብደቱም ሲያርፍበት ልስኑን ይዞ ይወርዳል፤ በእናንተም ላይ የደረሰው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ግድግዳውን በትራፓኖ በስታችሁ ፊሸር (ቪቱን የሚይዝ የፕላስቲክ መያዣ) ካስገባችሁ በኋላ ቪት እሰሩበት። አቅም ካላችሁ ደግሞ ከኮርኒሱ ሥር የብረት ቱቦ ዙሪያውን አስበይዳችሁ ሥዕሎቹን ከእርሱ ላይ በሽቦ አንጠልጥሏቸው፤ በዚህ መንገድ ለእያንዳንዱ ዐውደ ርእይ ግድግዳውን መብሳት ይቀርላችኋል። የሥዕሉ መሀል ከወለሉ 1.50 ሜትር ያህል ከፍ ቢል ለአብዛኛው አዋቂ ሰው ዓይን ይመቻል። ለልጆች የታሰበውን ግን ዝቅ አድርጉት፤ ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ ሃያ ሥዕል አያይም።

የውሃ ቀለም ሥዕል ብርሃንን አይችልም። ለወረቀት ሥራዎች የሚመከረው የብርሃን መጠን 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) ሲሆን ለዘይት ቀለም እስከ 200 ሉክስ ይፈቀዳል፤ በመስኮት በቀጥታ የሚገባው የጠዋት ፀሐይ ከሁለቱም እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ የወረቀት ሥራዎችን መስኮት በሌለው ግድግዳ ላይ ስቀሉ፣ መስኮቱንም በነጭ አቡጀዲ ጋርዱት። ክረምት ላይ እርጥበት በሚያሳልፍ ግድግዳ ላይ ምንም አትስቀሉ። በፍሬሙ ጀርባ በታችኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ላይ ከጠርሙስ ቡሽ የተቆረጡ ቁራጮችን ብትለጥፉ በግድግዳውና በሥዕሉ መካከል አየር ይተላለፋል።

ጎረቤት (የካ አባዶ)፦

ይህን ጥያቄ ሳነብ ስለ እኔ የተጻፈ ያህል ስለተሰማኝ ዝም ማለት አልቻልሁም። የምኖረው ከማዕከሉ አጥር ማዶ ሲሆን በየቀኑ ሁለት ጊዜ በበሩ አልፋለሁ፤ ገብቼ ግን አላውቅም።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ መገናኛ የሚሄደውን ታክሲ ለመያዝ ተሰልፌ እቆማለሁ፤ የምመለሰው ምሽት 1 ሰዓት አካባቢ ነው። ማዕከሉ የሚከፈተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ እሑድም ዝግ ነው። ስለዚህ እኔና እንደ እኔ ያሉ ጎረቤቶቼ የምናውቀው የተዘጋውን የብረት በር ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ዕረፍት ወጥቼ ሳለሁ ልገባ ብዬ በሩን ሳንኳኳ ጥበቃው «ማንን ፈልገሽ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ማንንም አልፈለግሁም፤ ሥዕል ለማየት ነበር። «ሥዕል ለማየት ነው» ብዬ መናገር ለምን እንዳሳፈረኝ አላውቅም፤ «ተሳስቼ ነው» ብዬ ተመለስሁ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀኝ። ነገር ግን ሰው ፈልጎ ካልሆነ በስተቀር ወደዚያ ግቢ የማይገባ መሰለኝ።

በሩ ላይ የተሰቀለውም ባነር የተጻፈው በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። መግቢያው በነጻ ይሁን በክፍያ የሚናገር አንድ መስመር አልነበረበትም። በመክፈቻው ዕለት ደግሞ መኪኖች በተርታ ሲቆሙና ለበስ ያሉ እንግዶች ሲገቡ አይተን ሠርግ ወይም የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው ብለን ነበር።

ሌላው በልቤ የቆየ ነገር ነው። የስምንት ዓመት ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ዘንድ ይማራል። አንድ ቀን ዶሮና ሦስት ጫጩቶች ሣለ፤ የዶሮዋን ክንፍ በቡናማ፣ በጥቁርና በወርቃማ ቀለም በጥንቃቄ ላባ በላባ ሠርቶታል። ሥዕሉ ተለጥፎ የቀረው በረንዳው ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ ዐውደ ርእይ በተከፈተ ጊዜ ልጄ «የእኔ ዶሮ ለምን ውስጥ አልገባችም?» አለኝ። የትልልቆቹን ሠዓሊዎች ሥራ ከልጅ ሥራ ጋር አደባልቁ አልልም። ነገር ግን የልጄ ዶሮ በአዳራሹ አንድ ጥግ ላይ ብትሰቀል ኖሮ እኔ፣ እናቴና ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ወዲያው በመጣን ነበር፤ ከመጣንም ዘንድ ሌላውን ሳናይ አንወጣም።

የዐውደ ርእይ አዘጋጅ (መካኒሳ)፦

እህቴ ከላይ የጻፉት ለማዕከሉ ከማንኛውም የባለሙያ ጥናት የበለጠ ይጠቅማል። ከዚያ ላይ ጥቂት ልጨምር።

መምህሩ ሠዓሊው ይቀመጥ ማለታቸውን በሐሳብ ደረጃ ብደግፈውም በተግባር የሚቸግር ይመስለኛል። አብዛኛው ሠዓሊ የሚተዳደረው በማስተማር ወይም በሌላ ሥራ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ የካ አባዶ ድረስ እየተመላለሰ የሚቀመጥ ጥቂት ነው። እኔ ባዘጋጀኋቸው ዐውደ ርእዮች የተሻለ ውጤት ያየሁት የሰፈሩን ልጆች አስጎብኚ በማድረግ ነው። ሠዓሊው ከመክፈቻው በፊት አንድ ከሰዓት ከአራት ወይም ከአምስት ልጆች ጋር ይቀመጣል፣ ስለ እያንዳንዱ ሥዕል ይነግራቸዋል፣ እነርሱም የፈለጉትን ይጠይቁታል። ከዚያ በኋላ እናትና አባት ልጃቸው ሲያስረዳ ለመስማት ይመጣሉ።

የሚታየውም ሥራ ከሰፈሩ ሕይወት ጋር የሚነካካበት ቢፈለግ መልካም ነው። እዚህ እኛ ሰፈር የኪነ ጥበብ ባለሙያው ኤልያስ ስሜና የዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት ዞማ ቤተ መዘክር አለ። ግድግዳዎቹ የተሠሩት በጭቃና በጭድ ሲሆን ላያቸው ላይ ቅርጽ ተሠርቶባቸዋል። ገጠር ያደገ ሰው ወደዚያ ሲገባ በመጀመሪያ የሚያየው የሚያውቀውን የምርጊት ሥራ ነው፤ እጁንም ወደ ግድግዳው ሲሰድ ብዙ ጊዜ ተመልክቻለሁ። ኤልያስ ከመርካቶው ምናለሽ ተራ በሚያገኛቸው የተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የኮምፒውተር ሰሌዳዎች ትልልቅ ሥራዎችን ይሠራል። እንዲህ ባለ ሥራ ፊት የሰፈራችሁ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ከእኔም ከእርስዎም የበለጠ የሚናገረው ይኖረዋል፤ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ዕቃ እንደወጣ ያውቀዋልና። እናንተም በዚህ መንገድ የሚሠሩ ወጣት ሠዓሊዎችን ብትጋብዙ ጠጋኙን፣ ብየዳ ሠራተኛውንና ሸማኔውን ስማቸውን ጠርታችሁ ጥሯቸው። በሥዕሎቹ ሥር የሚለጠፈውንም ጽሑፍ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አድርጉት፤ ፊደሉም አያቶች ያለ መነጽር የሚያነቡት ይሁን።

የሥዕሎቹን ፎቶግራፍ በየሕንጻው የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ብትለቁ ብዙ ሰው ይደርሰዋል። ሆኖም አስቀድማችሁ የሠዓሊውን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው ባለቤትነት መብት ሠዓሊው በሕይወት እስካለ ድረስና ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በዚያው ወረቀት ላይ ሥዕል ቢወድቅ ወይም ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል፣ ከሽያጭም ማዕከሉ ድርሻ ይወስድ እንደሆነ ጻፉበት። የተቀደደው የውሃ ቀለም ሥዕል እስካሁን የሚያሳዝንዎ በከፊል ይህ ወረቀት ስላልነበረ ነው ብዬ አስባለሁ።

የማዕከሉ በጎ ፈቃደኛ (የካ አባዶ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ እኒያን እናት ትናንት በቤታቸው አግኝቼ የነገሩኝን ነገርኋቸው። «ታዲያ ሁለት ዓይን ይሰጠው፤ ሸክሙ መች አነሰው?» አሉኝ። ለሠዓሊው ደውዬ ቃል በቃል ነግሬዋለሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ሊያያቸው ይመጣል።

እህቴ፣ በማዕከሉ ስም ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ዛሬ ጠዋት ባነሩን አውርደናል፤ አዲሱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚጻፍ ሲሆን «መግቢያ በነጻ» የሚለው ከሁሉ ከፍ ብሎ ይጻፋል። እሑድ ከ6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት እንከፍታለን፤ ረቡዕም እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እንቆያለን። ጥበቃችንን አነጋግሬው ከእንግዲህ «እንኳን ደህና መጡ፣ አዳራሹ በቀኝ በኩል ነው» እንዲል ተስማምተናል፤ እርሱም ማንንም መመለሱን አላወቀም ነበርና አዝኗል።

የልጅዎን ዶሮ ከበረንዳው ግድግዳ ላይ በቢላ ጫፍ ቀስ ብዬ አንሥቻታለሁ። ኮላው አጥብቆ ስለያዘው በስተቀኝ በኩል ያለችው አንዲት ጫጩት እግሯ ተቆርጦ ቀርቷል። ፍሬም አስገብተን ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ በልጅ ዓይን ልክ፣ ከወለሉ 1.10 ሜትር ላይ ልንሰቅላት ነው። የተቆረጠውን እግር ልጅዎ ራሱ ይጨርሰው እንደሆነ ወይስ እንዳለ እንተወው፣ እባክዎ ጠይቀው ያሳውቁኝ።

ጎረቤት (የካ አባዶ)፦

ጠየቅሁት። ጫጩቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ስለሆነ እግሯ አይታይም ብሏል፤ ከሥሯ ጭቃውን ለመሣል ቡናማ ቀለሙን ይዞ እሑድ ከቅዳሴ መልስ 6 ሰዓት ላይ አብረን እንመጣለን።