ወይራና ግራሩ በበጋ እየደረቀብኝ ነው፤ የሥር ፈንገስ ይረዳል?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦ ሰላም ወገኖች። ቤዛዊት በኩል ባለችን ድንጋያማ ቦታ ሐምሌ ላይ 40 የወይራና የግራር ችግኝ ተከልን። ጥር ሲገባ 11 ብቻ ቀሩ። ያፈላሁት እቤት በላስቲክ ነው፤ የወንዝ አሸዋ፣ ከቤት መሠረት የወጣ ቀይ አፈርና ፍግ፣ ዳፕ ማዳበሪያም ጨምሬበታለሁ። የደረቀውን ስነቅለው ሥሩ የላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ ነው፣ ጣት ታህል እንኳ ወደ ውጭ አልሄደም። ጎረቤቴ «አፈርህ ፈንገስ የለውም» አለኝ። ፈንገስ በሽታ አይደለም እንዴ?

የዘጌ ልጅ፦ ሁሉም በሽታ አይደለም ወንድሜ። ማይኮራይዛ የሚባለው ከሥሩ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ከፀጉር የቀጠነ ክሩን ሥሩ ወደማይገባበት ስንጥቅ ይዘረጋና ፎስፈረስና ውሃ ያመጣለታል፣ ዛፉም ከቅጠሉ የሠራውን ስኳር ያካፍለዋል። ወይራም፣ ግራርም፣ የሐበሻ ጥድም አላቸው። ግን ሕያው ሥር ይፈልጋል፤ ከመሠረት ጉድጓድ በወጣ አፈር ብዙም አታገኘውም።

እማማ ችግኝ፦ ልጄ፣ እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ትልቅ ወይራ ሥር ሄደህ የረገፈውን ቅጠል ገለጥ አድርግና የላይኛውን አንድ ስንዝር አፈር ከቀጫጭን ሥሮቹ ጋር ውሰድ። ፀሐይ ሳያገኘው፣ በእርጥብ ጆንያ። በዚያው ቀን ለ9 እጅ አፈር 1 እጅ ቀላቅል። ለግራሩ ከግራር ሥር አምጣ፣ ናይትሮጅን የሚያስገኝለት ባክቴሪያም አብሮ ይመጣልሃል። እሱ ሥሩ ላይ እባጭ ይሠራል፤ በጥፍርህ ስትሰነጥቀው ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ደን የምትወስድ ከሆነ አባቶችን አስፈቅድ፤ አንድ ባልዲ ይበቃሃል፣ የዛፉን ሥር እንዳታራቁት አደራ።

አረንጓዴ ጣና፦ ዳፑን ተወው፣ ፎስፈረስ የበዛበት ነው። ፎስፈረስ ከተትረፈረፈ ተክሉ ፈንገሱን አያስጠጋም። የፈረንጅ ጥድ ሥር እንጉዳይ አይተህም ከዚያ እንዳታመጣ፣ የእሱ ፈንገስ ሌላ ዓይነት ነው፣ ወይራ ላይ አይዝም። ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በፈንገስ አናሳብብ፤ ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ተጠምጥሞ ከቆየ ምንም ብታደርግለት አይዘረጋም። ስትተክል ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውልቅ፣ የተጠመጠመውን ሥር በምላጭ ቁረጥ። መሬቱ እንደራሰ ሰኔ መጨረሻ ላይ ትከል፣ ክረምቱን ሙሉ ሥር ይስደድበት።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ሁላችሁም። የተረፉትን 11 ምን ላድርግ?

እማማ ችግኝ፦ አሁን አትነካካቸው፣ ዙሪያቸውን ሣር ጉዝጉዝ አልብሳቸው። ዝናቡ ሲገባ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብለህ ሦስት አራት ጠባብ ጉድጓድ ቆፍር፣ ቀጫጭን ሥር እስክታይ ድረስ። ከትልቁ ዛፍ ሥር ያመጣኸውን አፈር ሥሩን እንዲነካ አድርገህ ጨምርና የቆፈርከውን መልስበት።