ከለገጣፎ ወደ ቶሮንቶ፦ ልጆቻችን ወዳሉበት ከተማ የሚደረግ የመጀመሪያ ጉብኝት

ጥያቄ፣ ከለገጣፎ

ለተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከመምህርነት በጡረታ ተገልዬ በለገጣፎ በራሴ ግቢ የምኖር እናት ነኝ። ሴት ልጄና ወንድ ልጄ ቶሮንቶ ከገቡ ዓመታት አልፈዋል፤ ሁለቱም ሥራ ይዘዋል፣ ሴቷ ትዳር መሥርታ አንድ ሕፃን አላት። እንድጎበኛቸው ሲለምኑኝ ኖረው ዘንድሮ እሺ ብያቸዋለሁ። ሆኖም ሴት ልጄ «ከመጣሽ አይቀር ስድስት ወር ሙሉ ተቀመጪ» ትለኛለች፤ ወንድሟ ደግሞ ሥራው የሚቀለው በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሆነ ያን ጊዜ እንድመጣ ይፈልጋል። እኔ በየቀኑ የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ቤቱን ጥዬለት የምሄደው ሰውም ገና አላገኘሁም። ለመሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲኬድ መቼ ቢሆን ይሻላል፣ ምን ያህልስ ቢቆዩ? ከወረቀቱ በኩል ለልጆች የማይተወው፣ ወላጅ ራሱ ሊያዘጋጀው የሚገባው የትኛው ነው?

ምላሽ፣ ከሰበታ

የተከበሩ እህቴ፣ እሺ በማለትዎ ደስ ብሎኛል፤ ልጆችዎ ምን ያህል እንደናፈቁዎት ከጥያቄው ይታወቃል። ባለቤቴና እኔ በዚያችው ከተማ ልጆቻችንን ጎብኝተን ስለተመለስን፣ የማምንበትን በግልጽ ልጻፍልዎ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄዱ ስድስት ወር አይቀመጡ። ሁለት ወር ይበቃል።

ስድስት ወር የሚለው ነገር የመጣው ከካናዳ ደንብ ነው። በጎብኝነት የገባ ሰው፣ የድንበር መኮንኑ ሌላ ቀን ካልጻፈለት በስተቀር፣ እስከ ስድስት ወር መቆየት ይፈቀድለታል። ይህ የመጨረሻው ወሰን እንጂ መሙላት ያለብን ጊዜ አይደለም፤ ልጆቻችን ግን ናፍቆታቸው ስለሚበዛ የተፈቀደውን ሁሉ ለመጠቀም ይመኛሉ። የማይነግሩን ነገር ቢኖር የራሳቸውን የዕረፍት ጊዜ ነው። ቶሮንቶ በምትገኝበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሕጉ ለአንድ ሠራተኛ የሚያስገድደው ዝቅተኛ የዓመት ፈቃድ ሁለት ሳምንት ሲሆን፣ በአንድ ቀጣሪ ዘንድ አምስት ዓመት ሲሞላው ሦስት ሳምንት ይሆናል። እንግዲህ ያስቡት፤ ልጅዎ ፈቃዷን ሁሉ ለእርስዎ ብታውለው እንኳ፣ ከስድስቱ ወር ውስጥ አምስት ወር ተኩል ያህል እርስዎ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሸኟቸውና ማታ ሲቀበሏቸው ነው የሚያልፈው። በለገጣፎ በር ከፍተው ቢወጡ ጎረቤት አለ፣ የዕድሩ ሰው አለ፣ ባለ ሱቁ እንኳ ስምዎን ጠርቶ ሰላም ይልዎታል፤ በዚያ ግን ልጆች በሚከራዩት ፎቅ ላይ የጎረቤት በር ተዘግቶ የሚውል ነው። ጥሩ ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ የሚበላው ሞልቶ፣ ቀኑ የማይመሽላቸው እናቶች አይቻለሁ፤ ለልጆቻቸውም እንዳያሳዝኗቸው ሲሉ አይናገሩም። ከሁለት ወር በኋላ ሳይጠገቡ ቢመለሱ፣ ቪዛው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ሆኖ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ዳግመኛ መሄድ ይቻላል።

ሕፃኑን የመጠበቁ ነገርም ከአሁኑ ይነጋገሩበት። ልጅዎ «ስድስት ወር» ያለችው ለናፍቆት ብቻ ነው ወይስ የሕፃን ማቆያው ክፍያ ከብዷት ጭምር? ሁለቱም ተገቢ ምክንያት ነው፤ አያት የልጅ ልጅዋን ብትይዝ ማን ይጠላል። ነገር ግን ሳይነገር የቀረ እንደ ሆነ፣ እናት እንግዳ ሆኜ መጣሁ ስትል፣ ልጅ ደግሞ እናቴ ታግዘኛለች ስትል፣ በመካከላቸው ቅሬታ ይገባል። በስልክ አንድ ቀን ረጋ ብለው ቁጭ ይበሉና በሳምንት ስንት ቀን ሕፃኑን እንደሚይዙ፣ የትኛው ቀን የራስዎ እንደሚሆን በስምምነት ይወስኑ።

ጊዜውን በተመለከተ የወንድ ልጅዎን ምርጫ አልደግፍም። ኅዳርና ታኅሣሥ በቶሮንቶ ቅዝቃዜው የሚጸናበት፣ ቀኑ አጥሮ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሚጨልምበት ነው፤ በረዶ የጋገረበት የእግረኛ መንገድ ለእኛ ዕድሜ አስጊ ነው፣ የዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ በጎብኝነት ባሉበት አገር የሚመኙት አይደለም። እኔ የምመክረው ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለውን ነው። በሰኔ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ልጆችዎ ከሥራ ተመልሰው እራት ከቀረበ በኋላ እንኳ አብረው በእግር ለመንሸራሸር ብርሃን አለ። ሐይቁ ዳር መውጣት፣ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ መሻገር፣ ናያጋራ ፏፏቴን ሄዶ ማየት የሚያምረው በዚህ ወቅት ነው። የሰኔ ጾም ከሐምሌ አምስት ጋር ያበቃል፤ ለፍልሰታ ደግሞ ቤትዎ ገብተው ከአጥቢያዎ ጋር ይጾማሉ።

በእኛ በኩል ያለው እንቅፋት ክረምቱ ነው። እዚህ በከተማው ዳርቻ የምንኖር ሰዎች ዝናቡ ሲበረታ ውኃው በየት በኩል ግቢ እንደሚገባ እናውቀዋለን። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት በሚያዝያ የጣሪያውን አሸንዳና የግቢውን ቦይ ያስጠርጉ፤ ቤቱንም ባዶ አይተዉት። ዘመድ ባይገኝ፣ የሚያምኑት ጎረቤት ልጅ ማታ ማታ መጥቶ እንዲያድር ቢያደርጉ ይሻላል። የዕድርዎን ወርኃዊ መዋጮ አስቀድመው ከፍለው ለዕድሩ ዳኛ የሚመለሱበትን ጊዜ ያሳውቁ፤ በሌሉበት ለቅሶ ቢደርስ የሚተካዎትን ሰውም ይንገሯቸው።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ይህ ሰፊ ስለሆነ በትዕግሥት ያንብቡልኝ። በመጀመሪያ ፓስፖርትዎን ይመልከቱ። የካናዳ የጎብኝ ቪዛ እስከ አሥር ዓመት ድረስ ሊሰጥ ቢችልም ከፓስፖርቱ የአገልግሎት ዘመን አያልፍም፤ ፓስፖርቱ ሊያበቃ የተቃረበ ከሆነ አድሰው ቢያመለክቱ ይጠቀማሉ። ማመልከቻው በኢንተርኔት የሚሞላ ሲሆን ክፍያው 100 የካናዳ ዶላር ነው፤ የጣት አሻራና ፎቶግራፍ ለመስጠት ደግሞ 85 ዶላር ይታከላል። ዕድሜያቸው ከ79 ዓመት በላይ የሆነ አመልካቾች አሻራ እንዲሰጡ አይጠየቁም። አንድ ጊዜ የሰጡት አሻራ ለአሥር ዓመት ያገለግላል።

ብዙ እናቶችን የሚያስቸግረው ግን የስም ነገር ነው። በአገራችን ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። ስለዚህ በእርስዎ ፓስፖርት ላይ ያለው የአባትዎና የአያትዎ ስም፣ በልጆችዎ ፓስፖርት ላይ ካለው ጋር አንድም የሚገናኝበት የለም። የካናዳው መኮንን ደግሞ ማመልከቻውን የሚመዝነው በፊቱ ባለው ወረቀት ነው። እናትነትዎን የሚያስረዳው የእናትና የአባት ስም ያለበት የልጅዎ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ልጆቻችን በተወለዱበት ዘመን ልደት ማስመዝገብ እምብዛም ያልተለመደ ስለነበር፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ኖሯቸው የእናት ስም በትክክል ተጽፎበት እንደሆነ ልጅዎን ይጠይቋት፤ ከሌለ ሁለት ወር ሲቀር ሳይሆን ዛሬ መጀመር አለበት። የልደት ቀንም እንዲሁ ይጠንቀቁለት። በ1950 ዓ.ም. ጥቅምት የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1957 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ግንቦት የተወለደ ግን በ1958 ነው፤ ሰባትና ስምንት ዓመቱን ሳይለዩ በየወረቀቱ የተለያየ ቀን ያሰፈሩ ሰዎች ለማብራራት ይገደዳሉ። መለኪያዎ ሁልጊዜ ፓስፖርቱ ይሁን።

እኛ በሸገር ከተማ ሥር ለምንኖር ደግሞ ሌላም ነገር አለ። የይዞታ ካርታችን በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ነው፤ ስማችንም በቁቤ ሲጻፍ ከፓስፖርቱ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ካናዳ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ያልተጻፈ ማንኛውም ሰነድ ከነትርጉሙ እንዲቀርብ ስለምትጠይቅ፣ ካርታውን ሲያስተረጉሙ ስምዎ ልክ በፓስፖርቱ እንዳለ እንዲጻፍ ለተርጓሚው አበክረው ይንገሩ፤ ልዩነቱንም በአጭር ደብዳቤ ያስረዱ። ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። የካናዳ ደንብ መኮንኑ አመልካቹ ጊዜው ሲያበቃ ከአገሩ እንደሚወጣ እንዲያምን ይጠይቃል፤ ለዚህ ደግሞ ከምንም በላይ የሚናገሩልዎ ቤትዎ፣ የጡረታ ገቢዎና የባንክ ሂሳብዎ ናቸው። የልጅዎ የግብዣ ደብዳቤ ሙሉ ስሟን፣ የልደት ቀኗን፣ አድራሻዋንና ስልኳን፣ ሥራዋን፣ በአገሩ ያላትን የመኖሪያ ሁኔታ፣ እርስዎ ለምን እንደሚሄዱ፣ የት እንደሚያርፉና መቼ እንደሚመለሱ ሊገልጽ ይገባል። «ሁለት ወር» ተብሎ ቀኑ የተቆረጠ ጉብኝት ለሚያነበው ሰውም የሚታመን ነው።

ሱፐር ቪዛ የሚባለውን ሳይሰሙ አይቀሩም። የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ላላቸው ወላጆችና አያቶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ በአንድ መግባት እስከ አምስት ዓመት ያስቀምጣል። ልጅዎ የተወሰነ የገቢ መጠን እንዳላት ማሳየት አለባት፤ እርስዎም የጤና ምርመራ ማድረግና ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል የ100,000 የካናዳ ዶላር የጤና መድን መያዝ ይጠበቅብዎታል። ከተማዋን አይተው ኑሮውን ከወደዱት በኋላ የሚታሰብ ነው እንጂ ለመጀመሪያ ጉብኝት አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ተራ የጎብኝ ቪዛ መድን ባያስገድድም፣ ያለ መድን እንዳይሄዱ አደራ እልዎታለሁ፤ የኦንታሪዮ የመንግሥት የጤና ሽፋን ጎብኝን አይጨምርምና አንድ ሌሊት ሆስፒታል ማደር ልጆችን ዕዳ ውስጥ ይከታል። መድን ሲገዛ የሚጠየቀው ስለ ነባር ሕመም ነው። ብዙዎቹ ውሎች ነባር ሕመምን የሚሸፍኑት ሕመሙ ከጉዞው በፊት ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለሦስት ወይም ለስድስት ወር፣ ሳይለወጥ ከቆየ ነው፤ የመድኃኒት መጠን መጨመርም ሆነ መቀነስ እንደ ለውጥ ይቆጠራል። ስለዚህ ሐኪምዎን ጉዞው ሲቃረብ ሳይሆን ከወራት በፊት ያማክሩና፣ ግፊትዎ የሚስተካከል ከሆነ ያኔ ይስተካከል። መድኃኒቱን ለሙሉ ጊዜው ከነተጨማሪው፣ ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዙ።

ተጨማሪ ምላሽ፣ ከቶሮንቶ

እናቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ የራሴን እናት ስላስታወሱኝ ጥቂት ልጨምር። ከሰበታ የጻፉልዎት አባት ስለ ዓመት ፈቃዳችን ያሉት እውነት ነው፤ አብዛኞቻችን ለወላጆቻችን ለመናገር የምናፍርበት ነገር ነው። ልጅዎ ፈቃዷን በሙሉ በመጡበት ሰሞን እንዳትጨርሰው ይንገሯት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቅልፍዎ ስለሚዛባ ብዙ መዞር አይችሉም፤ ሰዓቱ በበጋቸው ከአዲስ አበባ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ጥቂት ቀን ለመቀበያ ወስዳ የቀረውን ወደ መጨረሻው ብታደርገው፣ ከተማዋን ከለመዱ በኋላ በሙሉ ጉልበትዎ አብረው ይዞራሉ።

በሥራ ቀን ብቻዎን የሚሄዱበት አንድ ቦታ እንዲኖርዎት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ልጆችዎ አብረውዎት ይለማመዱ። በዳንፎርዝ መንገድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ይገኛሉ፤ መንገዱን ተከትሎ የምድር ውስጥ ባቡር ስለሚያልፍ መንገዱ አያስቸግርም። በከተማዋ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናትም አሉ። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ በአውቶቡስና በባቡር የሚከፈለው ቅናሽ አለው፤ ልጅዎ ካርዱን በዚያው ዕድሜ መደብ ታስመዝግብልዎት። የእኔ እናት ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የተመለሰች ዕለት ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ፣ ሐይቁንም ፏፏቴውንም ባሳየኋት ጊዜ አላየሁትም።

ስለ በረራው ደግሞ፤ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑም ለረጅሙ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። በዚህ ምክንያት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቶሮንቶ ሲመጣ በመካከል ነዳጅ ለመሙላት ያርፋል፤ የደረሱ መስሎዎት ሻንጣ እንዳያወርዱ፣ አስተናጋጇን ይጠይቋት። በመመለሻው ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሣ ያለ ማረፍ ይገባል። ቲኬቱ ሲቆረጥ ልጅዎ የተሽከርካሪ ወንበር አገልግሎት ትጠይቅልዎት፤ መራመድ ለሚችል ሰውም ቢሆን፣ አጃቢው በፓስፖርት ቁጥጥሩና በሻንጣ መረከቢያው አሳልፎ ልጆችዎ እስከሚጠብቁበት በር ያደርስዎታል። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ይዘው መምጣት ይችላሉ፣ በመግቢያው ላይ ምግብ መያዝዎን ማስመዝገብ ግን ግዴታ ነው። ቋንጣ አይያዙ፤ ሥጋ ስለማይፈቀድ ይወስዱታል። የልጅዎን አድራሻና ስልክ፣ የመመለሻ ቲኬቱንና የግብዣ ደብዳቤውን በወረቀት አትመው በሚይዙት ቦርሳ ውስጥ ያስቀምጡ፤ መኮንኑ ሲጠይቅዎት ስልክ ከመፈለግ ወረቀቱን ማሳየት ይቀላል። አስተርጓሚ ከፈለጉም ያለ ሐፍረት አማርኛ ብለው ይጠይቁ።