የስቫልባርድ ዙፕላንክተን፦ ፎርማሊን ወይስ ኢታኖል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዶክትሬት ጥናቴ በኮንግስፊዮርድ (በኖርዌይ የአርክቲክ ደሴቶች በስቫልባርድ ያለ ጠባብ የባሕር ወሽመጥ) የካላነስ ዝርያዎች ላይ ነው፤ ካላነስ ከዙፕላንክተን፣ ማለትም በውኃ ከሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳት፣ አንዱ ነው። በ180 ማይክሮሜትር መረብ የሚወጣውን ናሙና በምን ላቆየው? ሁለቱን የካላነስ ዝርያዎች፣ ፊንማርኪከስንና ግላሲያሊስን፣ በሰውነት ርዝመት ብቻ መለየትስ ይቻላል?

መልስ 1፦ ርዝመትን ብቻ አትመን። የሁለቱ መጠን ይደራረባል፤ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ፊንማርኪከስ ተብሎ የተቆጠረው በዲኤንኤ ሲታይ ግላሲያሊስ ሆኖ ይገኛል። ናሙናውን እኩል ለሁለት ክፈለው፤ ግማሹ ለቆጠራ 4% ፎርማሊን፣ ግማሹ ለዲኤንኤ 96% ኢታኖል ውስጥ ይግባ። ፎርማሊን ዲኤንኤን ይጎዳል፣ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

መልስ 2፦ ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን የኢታኖሉ ክፍል ነው። መጀመሪያ የባሕሩን ውኃ በወንፊት በደንብ አጥልል፤ ናሙናው ከጠርሙሱ ሲሶ አይለፍ። እንስሳቱ ራሳቸው ውኃ እየለቀቁ ስለሚያቀጥኑት በ24 ሰዓት ውስጥ ኢታኖሉን ቀይረህ −20 ዲግሪ ላይ አስቀምጥ። ፎርማሊኑ ላይ አሲድነቱን የሚቀንስ ቦራክስ ጨምር፤ አሲድ ከሆነ የሊማሲናን (ተንሳፋፊ የባሕር ቀንድ አውጣ) ስስ ቅርፊት ያሟሟዋል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱን ዝርያዎች ለመለየት የአንቴናው ቅላትስ አይረዳም?

መልስ 1፦ በሕይወት እያለ ፍንጭ ይሰጣል፤ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ማቆያው ውስጥ ሲገባም ይለቃል። ከየጣቢያው የተወሰኑትን በዲኤንኤ አረጋግጥ።