ዲኤች እያለ ሃይድሮክሲሉ ለምን አልወጣም?

ስትሬፕቶማይሲስ የተባለው ባክቴሪያ የሚሠራውን አንድ ፖሊኬታይድ (ኢንዛይሞች ደረጃ በደረጃ እየቀጠሉ የሚገነቡት የካርቦን ሰንሰለት ውህድ) እያጠናሁ ነው። የመጨረሻው ሞጁል (ሰንሰለቱን አንድ ደረጃ የሚያስረዝመው የኢንዛይም ክፍል) ኬአር (ኬቶሪዳክቴዝ)፣ ዲኤች (ዲሃይድራቴዝ) እና ኢአር (ኢኖይል ሪዳክቴዝ) ሦስቱንም ይዟል። ስለዚህ ኬአር ኬቶኑን ሃይድሮክሲል አድርጎት፣ ዲኤች ውሃ አውጥቶ ድርብ ቦንድ ሠርቶ፣ ኢአር ድርብ ቦንዱን ሃይድሮጅን ሰጪ በሆነው ኤንኤዲፒኤች ወደ ነጠላ ቦንድ መቀየር ነበረበት።

የማስ ስፔክትሮሜትሪው (የሞለኪውል ክብደት መለኪያው) ውጤት ግን ከጠበቅኩት በ16 ዳልተን፣ ማለትም በአንድ ኦክስጅን ክብደት፣ ይበልጣል። የሞለኪውሉን መዋቅር የሚያሳየው ኤንኤምአሩም ሃይድሮክሲሉን እዚያው ኬቶኑ በነበረበት ቤታ ካርቦን ላይ ያሳያል። የማይሠራው ኢአር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ድርብ ቦንዱ እንዳለ ቀርቶ ክብደቱ ከጠበቅኩት በ2 ዳልተን ያንስ ነበር። ዲኤችን ጠረጠርኩ፤ የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተሉን ሳየው ግን ለሥራው ወሳኝ የሆኑት ሂስቲዲንም አስፓርቴትም በቦታቸው አሉ።

ይበልጥ ግራ ያጋባኝ ክላስተሩ (ፖሊኬታይዱን የሚሠሩት ጂኖች ስብስብ) ውስጥ የፒ450፣ ማለትም ኦክስጅን የሚጨምር ኢንዛይም፣ ጂን መኖሩ ነው። ኦክስጅኑን ኋላ ላይ የጨመረው እሱ ሊሆን ይችላል። ጂኑን ከማጥፋቴ በፊት፣ ሃይድሮክሲሉ ከኬአር የተረፈ ይሁን ፒ450 የጨመረው በምን ሙከራ ልለየው?