«ታሪክ ሊማር የሚያይ ማን አለ?»፦ በቻይና የጊዜ ጉዞ ሾርት ድራማዎች ላይ የተነሳ ክርክር

ጽጌ፦ ትናንት እዚህ «የቻይና የጊዜ ጉዞ ሾርት ድራማዎች ከድሮዎቹ ረጃጅም ተከታታዮች አያንሱም፤ ታሪክ ሊማር ብሎ የሚያያቸው ማን አለ?» ተብሎ ተጽፏል። በጣም አናደደኝ። በፈረንጆቹ 2011 የወጣውን «ቡ ቡ ጂንግ ሺን» የተባለ የጊዜ ጉዞ ተከታታይ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ከዛሬ ዘመን ወደ ኋላ የሄደችው ልጅ የቺንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ካንግሺ ቤተ መንግሥት ስትገባ ወደፊት የሚነግሠው አራተኛው ልዑል መሆኑን ታውቃለች። ስምንተኛውን ልዑል «ከእሱ ተጠንቀቅ» ትለዋለች። እሱም ፈርቶ በአራተኛው ላይ ወጥመድ ያጠምዳል። ጥፋቱን አሥራ ሦስተኛው ልዑል በራሱ ላይ ወስዶ አሥር ዓመት ይታሰራል። ጓደኛዋን ያሳሰረው የገዛ ምክሯ ነው! የአሁኖቹስ? ልጅቷ ሁሉን ታውቃለች፤ ማወቋ ግን አንድም ቀን አያስከፍላትም።

ናቲ ስድስት ኪሎ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌን አላጥፍም። አንቺ የምትጠቅሺው 35 ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ። የሾርቱ አንድ ክፍል አንድ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ለስልክ ተብሎ በቁመት የተቀረጸ። ብዙው በሳምንት ገደማ ተቀርጾ ያልቃል። በዚያ ጊዜና በጀት ሰው ማስለቀስ ችሎታ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የማየው ታሪክ ልማር ብዬ አይደለም።

የድሮ መምህር፦ «ታሪክ ሊማር የሚያይ የለም» ማለት ምንድነው? ልጆች እኮ ሳይፈልጉም ይማራሉ። ቺንጎች ቤጂንግን በያዙ በዓመቱ፣ በ1645፣ ወንድ ግንባሩን ተላጭቶ ከኋላ አንድ ጉንጉን እንዲጎነጎን አዘዙ። እምቢ ያለ አንገቱ ይቀላ ነበር። እነዚህ ድራማዎች ላይ ግን ልዑሉ ፀጉሩን ትከሻው ላይ ለቆ ይንጎማለላል።

ናቲ ስድስት ኪሎ፦ መምህር፣ በአክብሮት፣ ድራማው ቺንግ ነኝ አላለም እኮ። ሥርወ መንግሥቱ ፈጠራ ነው።

ጽጌ፦ ለምን ፈጠራ ሆነ? በዚያው በ2011 የቻይና የብሮድካስት ተቆጣጣሪ የጊዜ ጉዞ ድራማዎችን ታሪክን አቃለዋል ብሎ ወቀሰ። ስም የሌለው መንግሥት ጥሩ መሸሸጊያ ነው። ዘመኑ ካልታወቀ ስህተትም አይኖርም። እሺ፣ ታዲያ ልጅቷ የሄደችው የት ነው? ሳሙና ትሠራለች፣ ሁሉም ይደነቃል። ግብዣ ላይ የጥንቱን ቻይናዊ ገጣሚ የሊ ባይን ግጥም የራሷ አስመስላ ታነባለች፣ ንጉሡ ይወዳታል። የሰው ግጥም ሰርቃ ተጨበጨበላት፤ ድራማው ይሄ አይታየውም። ናቲ፣ ታሪክ አስተምረኝ አላልኩም። ልጅቷ የገባችበት ዘመን ሕይወት ይኑረው ነው የምለው።

ሰናይት ሻርጃ፦ እኔ የምሠራው ሰው ቤት ነው። ማታ ክፍሌ ገብቼ በአማርኛ እየተተረከ የሚለቀቀውን አያለሁ። ብዙ ጊዜ ልጅቷ ገረድ ሆና ነው የምትነቃው። እመቤቲቱ ተንበርከኪ ስትላት አይገባትም፤ ከመጣችበት ዘመን ሰው ሰው ነው። ቀና ብላ ትመልሳለች። ይሄን ሳይ ቀኑን ሙሉ የዋጥኩት ቃል የወጣልኝ ይመስለኛል። ጥራት የላቸውም ስትሉ እኔን የሚነካኝን ነገር ነው ያላያችሁት።

ጽጌ፦ ሰናይትዬ፣ ይሄን አልነካም። እውነትሽን ነው። ግን ወደ መጨረሻው ያው ልጅ እመቤት ትሆንና ሌላዋን ገረድ በጥፊ ታስመታለች። ሰው ሰው ነው ያለችው የት ገባ? የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጥሩ ሐሳብ ይዘው ይነሱና ይጥሉታል።

ሰናይት ሻርጃ፦ ሁሉም እንደዚያ አይደለም። ሁለት አይተሽ ሁሉን አትፍረጂ።

አቤል ኤዲተር፦ ሐሳቡን የሚያስጥለው ክፍያው ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ገደማ ክፍሎች ነፃ ናቸው፤ ከዚያ ለማየት አፑ ላይ በገንዘብህ ኮይን ትገዛለህ። ስለዚህ እጁ ለጥፊ ሲነሳ ክፍሉ ይቆማል። ጸሐፊው በየደቂቃው አንድ ውርደት ወይም አንድ በቀል ማግኘት አለበት። የልጅቷ ጸጸት ደግሞ ዝምታ ይፈልጋል። ለዝምታ ማን ይከፍላል?

ጽጌ፦ ራሱ የቻይና ተቆጣጣሪም እኮ ከ2022 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ከ25,000 በላይ ሾርቶችን ከኢንተርኔት አስወርዷል።

ናቲ ስድስት ኪሎ፦ ተቆጣጣሪ ስላስወረደ ነው ጥራት የሌለው? የምትወጂውንም ዘውግ የወቀሰው እሱ ነው ብለሽ አሁን ነገርሽን! በ2024 የሾርት ድራማ ገቢ ቻይና ውስጥ ከሲኒማ ቤቶች ገቢ በልጧል። ያ ሁሉ ሕዝብ ዕውር ነው?

አቤል ኤዲተር፦ ገቢ ሌላ፣ ጥራት ሌላ። አታደባልቀው።

ናቲ ስድስት ኪሎ፦ አንተ ደግሞ ከማን ጋር ነህ?

አቤል ኤዲተር፦ ከማንም። በአንድ ደቂቃም ቢሆን ጥሩ መሥራት ይቻላል፤ ችግሩ ማጠሩ አይደለም ነው የምለው።

ጽጌ፦ ናቲ፣ ማወቋ ዋጋ ያስከፈላት ልጅ ያለችበት አንድ ሾርት ጥቀስልኝ። አንድ ብቻ።

ናቲ ስድስት ኪሎ፦ ማታ ሦስት እልክልሻለሁ። ሳትጨርሺ ግን እንዳትጽፊ።

የድሮ መምህር፦ የፀጉሩን ጥያቄ ማንም አልመለሰልኝም። ልጄ ያሳየችኝ ላይ ንጉሡ ካንግሺ ተብሎ በስሙ ተጠርቷል። ግንባሩ ግን አልተላጨም። እሱም ፈጠራ ነው?