ግንቡ ሙታንን ካገደ፣ ሬሳዎቹ እንዴት ገቡ?

ቆሮሶ፦ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር የጀመርነው ጭቅጭቅ አልበረደም፣ እዚሁ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ ልድገመው። ጌም ኦፍ ትሮንስ የሚባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ሰሜኑን የሚዘጋ የበረዶ ግንብ አለ። ቁመቱ 700 ጫማ። ርዝመቱ 300 ማይል፣ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ደርሳችሁ ስትመለሱ ሻሸመኔ ሳትገቡ ያልቃል። ከግንቡ ወዲያ ነጭ ተራማጆቹ አሉ። እነሱ ሬሳ ያስነሣሉ። የተነሣው ሬሳ ዓይኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ ያገኘውን ይገድላል። ስድስተኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ የግንቡ ጠባቂ የነበረው ቤንጀን ለወንድሙ ልጅ ለብራን ምን አለው? ግንቡ በረዶና ድንጋይ ብቻ አይደለም፣ ድግምት አለበት፣ እስከቆመ ድረስ ሙት አያልፍም። እሺ። ታዲያ የመጀመሪያው ሲዝን ላይ ከወዲያ ተጭነው የመጡት ሬሳዎችስ? የግንቡ ጠባቂዎች ምሽግ ካስል ብላክ ውስጥ፣ ከግንቡ ወዲህ፣ ሌሊት ሬሳ ተነሥቶ አዛዡን ሊገድል ነበር። ከጠባቂዎቹ አንዱ ጆን ስኖው ነው በፋኖስ ያቃጠለው። ድግምቱ የት ሄዶ ነው?

አባ ኮዳ፦ የትም አልሄደም፣ አልነበረም። የመጀመሪያው ሲዝን እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። የግንቡ ሕግ በ2016 ተነገረ። መሃል ላይ ትዝ ሲላቸው ጨመሩት። ድርሰት ቀዳዳ ሲበዛበት በድግምት ይለጠፋል፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

የታቦር ልጅ፦ አባ ኮዳ፣ ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ አላነበብክም ማለት ነው። ሕጉ የ2016 አይደለም። ደራሲው ጆርጅ ማርቲን በ2000 በወጣው ሦስተኛ መጽሐፍ ላይ ጽፎታል። ኮልድሃንድስ የሚባል ሰውዬ አለ። እጁ ጥቁር፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ። ከሙታን ወገን ነው፣ ግን ሰው ይረዳል። ከጠባቂዎቹ አንዱን፣ ሳምን፣ እስከ ግንቡ ያመጣዋል፤ ከዚህ በኋላ ግን ድግምቱ አያሳልፈኝም ይላል። ሬሳዎቹ ካስል ብላክ የተነሡበት የመጀመሪያው መጽሐፍ ደግሞ የ1996 ነው። ሁለቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው። ተሳሳተ ከማለትህ በፊት ሁለቱ አብረው የሚሄዱበትን መንገድ ፈልግ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከነዚያ ሬሳዎች የአንዱን እጅ በጠርሙስ አድርገው ማስረጃ ይሁን ብለው ወደ ዋና ከተማው ኪንግስ ላንዲንግ ይልኩታል። መልእክተኛው ቤተ መንግሥት ደጅ ሲጠና ሲጠና እጁ በሰበሰ። ማስረጃው እዚያው ቀረ። (ደጅ ጥናት ያላበሰበሰው ነገር የለም፣ ይህንን ለማወቅ የታሪኩ አገር ቬስተሮስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።) እና እኔ ከዚህ የምረዳው ኃይሉ ከሰሜን በራቀ ቁጥር እንደሚሟሟ ነው።

አባ ኮዳ፦ አሃ! ሰባተኛው ሲዝን ላይስ? አንድ የተነሣ ሬሳ ይዘው በዘንዶ ጀርባ ግንቡ ላይ ያለው ምሽግ ኢስትዎች አደረሱት። ከዚያ በመርከብ፣ በሳጥን ታሽጎ፣ እዚያው ኪንግስ ላንዲንግ። ሳጥኑ ሲከፈት ወደ ንግሥቲቱ ሰርሴ ሮጠ። አልበሰበሰም፣ አልደከመም። የእጁ ቲዎሪ እዚህ ጋ ሞተ።

የታቦር ልጅ፦ እሱ ፊልሙ ነው። ፊልሙ እዚያ ሲደርስ መጽሐፉን ጥሎ ሄዷል።

አባ ኮዳ፦ ሲመችህ ፊልሙ፣ ሳይመችህ መጽሐፉ።

ባጃጇ፦ እኔ በስልክ ነው የማየው። ሬሳው ቀፎ ነው፣ ነጭ ተራማጁ ኔትወርክ ነው። ሰባተኛው ሲዝን ላይ ጆን አንዱን ነጭ ተራማጅ ሲገድለው እሱ ያስነሣቸው ሙታን አብረው አልረገፉም? ስምንተኛው ላይ አርያ የነጭ ተራማጆቹን አለቃ ናይት ኪንግን ስትወጋው ሁሉም አልወደቁም? ስለዚህ ግንቡ የሚያግደው ቀፎውን ሳይሆን ኔትወርኩን ነው።

ቆሮሶ፦ ባጃጇ፣ አሪፍ ነበር፣ ግን ገለበጥሽው። ግንቡ ኔትወርኩን ካገደ ካስል ብላክ ውስጥ ማን ደወለለት? ዓይኑን መግለጥ አልነበረበትም።

ባጃጇ፦ ደወል ቀድሞ ተሞልቶ ነበር 😂 እሺ፣ አስብበታለሁ።

የአያቴ ልጅ፦ ልግባ። አያቴ አንገቷ ላይ ክታብ ነበራት። ብራናው በቁመቷ ልክ ተቆርጦ የተጻፈ፣ ክርስትና ስሟ ያለበት፣ ተጠቅልሎ በቆዳ የተሰፋ። ሌላ ሰው ቢያደርገው አይጠብቀውም ትል ነበር። ስሙ የላ! ማለቴ፣ እኛ አገር መከላከያ ባለቤት አለው፤ ለማን እንደተጻፈና ከምን እንደሚጠብቅ ይታወቃል። ይሄ ግንብ ከምን እንዲጠብቅ ነው የተደገመበት? «ሙት» ስንል ሬሳን ነው ወይስ በገዛ ፈቃዱ የሚመጣውን? ሬሳ ሁሉ ከታገደማ ወዲያ የሞቱ ወታደሮች አስከሬን ራሱ አይገባም ነበር።

የታቦር ልጅ፦ እፍፍ፣ ይሄ ጥሩ ነው።

ጋሽ ጥበቃ፦ ልጆች፣ ፊልሙን ከልጄ ጋር ነው ያየሁት፣ መጽሐፉን አላውቅም። ግን 19 ዓመት በር ጠብቄአለሁ። ግንብ የሚያቆመው በእግሩ የሚመጣውን ነው። ባለቤቱ ራሱ በመኪና ጭኖ ያስገባውን እኔም አላቆምም፣ ግንብም አያቆምም። እነዚያን ሬሳዎች ማን አስገባቸው? ጠባቂዎቹ ራሳቸው። ያኛውንስ በዘንዶ? ጆን ስኖውና ጓደኞቹ። አንድም በራሱ የገባ የለም። እኔ ብሆን መዝገብ ላይ «አስገቢው፦ አዛዡ» ብዬ እጽፍ ነበር።

ቆሮሶ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ይዘው ቅዳሜ የት ነበሩ?

ጋሽ ጥበቃ፦ ተረኛ ነበርኩ።

አባ ኮዳ፦ ጋሼን አክብሬ ልቃወም። ሐረር ጀጎል ላይ ለጅብ ማለፊያ ተብሎ የተተወ ቀዳዳ አለ። ሰው ፈቅዶለት ነው፣ ግን ጅቡ በእግሩ ነው የሚገባው። ፈቃድ ከሆነ ቁም ነገሩ፣ መሸከም ምን ያደርጋል? ናይት ኪንግን አንድ ጅል «ግባ» ቢለውስ ግንቡ ያሳልፈው ነበር? ለምን ታዲያ በ2017 ዘንዶ አምጥቶ በሰማያዊ እሳት እስኪያፈርሰው ደከመ?

የአያቴ ልጅ፦ ጋሼ ፈቃድ አላሉም እኮ፣ መጫን ነው ያሉት። ዘንዶውም ለጋሼ ነው የሚመሰክረው። ተሸካሚ ስላጣ ነው ግንቡን ያፈረሰው። ቤንጀንም «እስከቆመ ድረስ» ነው ያለው። ሲወድቅ ሕጉም ወደቀ።

አንዳንዶች ብራን ክንዱ ላይ የናይት ኪንግ ምልክት ይዞ ስላለፈ ድግምቱ ያኔ ተሰበረ ይላሉ። ከግንቡ ወዲያ ብራን ተጠልሎበት የነበረው ድግምት ያለበት ዋሻ ላይ በርግጥ እንደዚያ ሆኗል። ግንቡ ላይ ግን ፊልሙ አላለውም፣ እኔም አልጨምርለትም።

አባ ኮዳ፦ ይሁን። ኮልድሃንድስ ግን ቀረ። ግንቡ ሥር ያለው ጥቁር በር መሐላውን በተናገረ የጥበቃው ወንድም፣ ማለትም የግንቡ ጠባቂ፣ ነው የሚከፈተው። ሳም ከፈተው። ጠባቂ አጠገቡ፣ በር ክፍት፣ ሰውዬው ደግሞ ወዳጅ። በጋሼ ሕግ መግባት ነበረበት። ለምን ቀረ?

ጋሽ ጥበቃ፦ ያ ሳም የሚባለው ልጅ «ና ላዝልህ» ብሎታል?

የታቦር ልጅ፦ አላለውም።

አባ ኮዳ፦ …

ቆሮሶ፦ አባ ኮዳ እየጻፈ ነው ይላል፣ አሥር ደቂቃ ሆነው።