ለፔንታክስ ኬ1000 ካሜራ የጎደሉ ብሎኖች

ጥያቄ፦ ያገለገለ ፔንታክስ ኬ1000 የፊልም ካሜራ ገዝቼ ስመረምረው ከታችኛው ክዳን ብሎኖች አንዳንዶቹ እንደጎደሉ አየሁ፤ ተመሳሳያቸውን ከየት እንደማገኝ ብትጠቁሙኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ የቀረውን ብሎን አውጥተው በካሊፐር (ውፍረትን በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ይለኩት። የካሜራ ብሎኖች ብዙውን ጊዜ 1.4፣ 1.7 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላላቸው፣ በዓይን ግምት የተመረጠ ብሎን በካሜራው አካል ላይ ያለውን የብሎን መቀበያ ጥርስ ሊበላው ይችላል፤ ይህ ከደረሰ ደግሞ ጥገናው ብሎን ከመፈለግ እጅግ ይከብዳል።

መልስ፦ እኔ የምመርጠው ከማይሠራ ተመሳሳይ ካሜራ መውሰድን ነው። ኬ1000 እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1997 ስለተመረተ የተበላሸ ማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም፤ የብሎኑ ርዝመትና የጭንቅላቱ ቅርጽም አብሮ ይገጥማል።

መልስ፦ ሲፈቱ ግን የተለመደውን ባለመስቀል ካቻቢቴ አይጠቀሙ፤ የጃፓን ካሜራ ብሎኖች በአገሪቱ የኢንዱስትሪ ደረጃ መሠረት ስለሚሠሩ፣ ለዚያ ያልተዘጋጀ ጫፍ ጠልቆ ሳይገባ ይንሸራተትና የብሎኖቹን ጭንቅላት ይልጠዋል።